ሀጀራና አረንጓዴው ካርቶን

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ድስት ከእሳት የሚወርደው ሲበስል አልነበረም፤ ሀጀራ በቃ ስትል ነው። ሠርግ በሉት ሰደቃ፣ እሷ ያልቀመሰችው ወጥ ሰው ፊት አይቀርብም። ባለሦስት እግር ዱካዋን ምራቷ ፈዲላ ተሸክማ ከኋላ ከኋላዋ ትከተላለች። ዱካዋ ከትልቁ ድስት ጎን ትደረጋለች፣ ሀጀራ ትቀመጥባታለች፣ ከዚያ ወዲያ የድግሱ ባለቤት ራሱ እንግዳ ነው። ማማሰያውን ትቀበልና አንዲት ጠብታ በእጇ ጀርባ ላይ ጠብ አድርጋ ትልሳለች። ከዚያ ዓይኗን ትጨፍናለች። ያን ጊዜ ነው መከራው! ሽንኩርት ስትከትፍ የዋለችው ሁላ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሌባ ትቆማለች።

«ጨው» ትላለች ሀጀራ። ጨው ይመጣል።

«ቁሌቱን ማን ነው ያቁላላው?» ትላለች ደግሞ። ያቁላላችው ትደበቃለች።

ደግሞ ምላሷ ብቻ መሰላችሁ? ያስከበራት አፍንጫዋ ነው። በረመዳን ጾመኛ ሆና ወጥ መቅመስ የለ፤ ክዳኑን ገለጥ አድርጋ እንፋሎቱን ሳብ ታደርግና «ሽንኩርቱ ጥሬ ነው፤ በርበሬው ቀድሞበታል» ትላለች። ማግሪብ ደርሶ ሲያፈጥሩ እንዳለችው ሆኖ ይገኛል። ክርስቲያኖቹም ለሠርጋቸው ይጠሯታል። የነሱን ሥጋ አትበላም፣ እነሱም ብዪ አይሏትም፤ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ ታሸተዋለች፣ በቃ፣ ተፈረደ። «የሀጀራ አፍንጫ ሼህም ቄስም አያውቅ» ይባል ነበር።

አላህ ታዲያ አፍንጫውን ሲሰጣት ምላሷን ስሎ ነው አብሮ የሰጣት። ጎረቤቷ ዑምኩልሱም ሒክማ የምትባል ልጅ አለቻት። ሒክማ ገና ልጃገረድ ሳለች ከውጫሌ የደህና ሰው ቤት ለልጁ ጠየቃት። አማቶቹ ሊያዩዋት መጡ፣ ልጅቱ በገዛ እጇ ወጥ ሠርታ አቀረበች፣ ሀጀራም እንደ ወጉ ተጠርታ ነበር። በእጇ ጀርባ ላይ ጠብ አደረገች፣ ላሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ማሻአላህ፣ ውሃው ጥሩ ነው። ሒክማዬ፣ ከሐይቁ ነው የቀዳሽው ወይስ ከቧንቧ?»

አማቶቹ ሳቁ። ሳቁን ይዘውት ውጫሌ ገቡ። «የውሃዋ ሙሽራ» ተብላ ነገሩ እዚያው ፈረሰ፤ ልጅቱም አፍራ ዐረብ አገር ሄደች። እናቷ ዑምኩልሱም ያን ቀን አልተቆጣች፤ አብራ ሳቀች። እንዲያ ያለችዋን ሴት ነው መፍራት።

እንግዲህ ያ በሽታ በመጣበት ሰሞን፣ ሰው ሁሉ አፉን በጨርቅ አስሮ በሚሄድበት ጊዜ፣ ሀጀራም አተኮሳትና ተኛች። ዱዓ ተደረገላት፣ ተነሳች። አፍንጫዋ ግን ከተኛበት አልተነሳም፤ ምላሷም እዚያው አብሮት ቀረ። በርበሬ ሲያቃጥላት ማቃጠሉን ታውቃለች እንጂ በርበሬ መሆኑን አታውቅም። ጭድና እንጀራ የምትለየው በጥርሷ ሆነ።

መጀመሪያ የነቃችባት ፈዲላ ናት። ከሐይቁ የመጣ ዓሣ ጓዳ ተረስቶ ገምቶ፣ ድመቷ እንኳ ቤቱን ለቃ ወጥታለች። ፈዲላ ከገበያ ስትገባ ሀጀራ ከዓሣው አጠገብ ቁጭ ብላ ሙሰብሃ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች።

«እማ፣ አይሸትዎትም?»

«ምኑ?»

ፈዲላ ዓሣውን አየች፣ አማቷን አየች። ሀጀራም የምራቷን ዓይን ተከትላ ዓሣውን አየችው። ደም የመሰለው ፊቷ አመድ ሆነ።

«ይቺን ለሰው ብትተነፍሺ» አለቻት፣ «ሬሳዬን አታጥቢም።»

ከዚያ መላ መቱ። ፈዲላ «እኔ ላማስለው» ብላ ቀድማ ትቀርብና በማማሰያው ጫፍ ትቀምሳለች። ጉሮሮዋን ከጠረገች ጨው አንሷል ማለት ነው። ካስነጠሰች አሯል፣ ተበላሽቷል። ዝም ካለች ልክ ነው፣ አውርዱት። ሀጀራ ዱካዋ ላይ ሆና ጆሮዋን ወደ ኋላ ትጥልና የሰማችውን ትፈርዳለች። ሰዉ የሚበላው በፈዲላ ምላስ፣ የሚመርቀው ሀጀራን! ድሮስ ዱካ የተሸከመ መቼ ተቀምጦበት ያውቃል።

አመሰገነቻት? ወየው! ገመናን የሚያውቅ ሰው ሲያዩት ዓይን ያሳክካል። ሀጀራ ድሮ ለጎረቤት የምታካፍለውን ስድብ ሰብስባ ለፈዲላ ብቻ አደረገችው። ፈዲላ ደግሞ ወዴት ትሄዳለች? ባሏ አሕመዲን፣ የሀጀራ ልጅ፣ ጅዳ ከሄደ ወዲህ መጀመሪያ ስልኩ ራቀ፣ ኋላም ጠፋ። በዚያ ላይ ሌላ አገባ የሚል ወሬ መጣ። እሷ እንደሆነች ወሬውን ውጣ ድስት ታጥባለች።

አንድ ሰሞን ፈዲላን ወባ ጣላትና ሀጀራ ብቻዋን ሰደቃ ሄደች። ወጡ ከሥሩ አሮ ጢሱ ከውጭ ይጠራል፤ ሀጀራ ልሳ «ልክ ነው፣ አውርዱ» አለች። ሰዉ እየታነቀ በላ። ገሚሱ በእንጨቱ አሳበበ፣ ገሚሱ «ጂን ነው» አለ። ዑምኩልሱም ምንም አላለች። በልቧ ግን ያዘቻት።

አሁን ወደ ፒዛው ልምጣላችሁ። በየከተማው ቅርንጫፍ አለን የሚሉ ሁለት ፒዛ ቤቶች አስፋልቱ ላይ ፊት ለፊት ተከፈቱ። ስማቸው በፈረንጅ ፊደል ነው የተጻፈ፤ ማን ያነበዋል፣ ሰው በካርቶኑ ነው የሚጠራቸው፦ ቀዩ ካርቶን፣ አረንጓዴው ካርቶን። በስልክ ይታዘዛል፣ በባጃጅ ቤት ድረስ ይመጣል። ከተማውም ለሁለት ተከፈለ። የቀዩ ሰዎች የአረንጓዴውን ሰዎች ሰላም እስከማይሉ ደረሱ።

ሒክማ ከዐረብ አገር ተመልሳ እዚሁ ሐይቅ ደህና ሰው አግኝታ ሠርጓ ተቆርጧል። ሒና ለምትቀባበት ቀን ጓደኞቿ ፒዛ ካልመጣ ሞተን እንገኛለን አሉ። ከየትኛው ይምጣ? እዚያ ላይ ተጣሉ። ዑምኩልሱም ታዲያ የቅሬው ዕድር ሴቶች በተሰበሰቡበት ምን አለች፦

«ምን ያጣላችኋል? ሀጀራ አለች አይደል። ዓርብ ሁለቱንም አስመጣለሁ፣ እሷ ትፍረድ። ሰዉ እንደሆን አፏ ደክሟል እያለ ያማታል። ዓርብ ከፈረደችልኝ የሒክማ ሠርግ ድስት የሷ ነው። ካልሆነ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ይኼ ሁሉ በሰው ፊት! እምቢ ካለች አለቀላት። የሠርግ ድስት አጠገብ ያልተቀመጠች ሀጀራ ማን ናት? አፏ ክፉ የሆነች አንዲት ባልቴት ናት። ይህን ደግሞ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ዓርብ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ» አለች፣ ነጠላዋን እየጎተተች።

ቤት ገብታ ፈዲላን ይዛ አፈጠጠች። ፒዛ የሚባል ነገር አፏ ገብቶ አያውቅም።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቂጣ ነው እማ፣ በላዩ ቲማቲምና ቺዝ ያለበት።»

«ተከፍቶ የቀረ ሳንቡሳ በይኛ። ሂጂ ጠይቀሽ ነይ፤ ሰው ስለ ቀዩ ምን ይላል፣ ስለ አረንጓዴው ምን ይላል፣ አንዲት ሳይቀርሽ።»

ፈዲላ ሄዳ ጠይቃ መጣች፣ ሀጀራም እንደ ቁርኣን ልጅ ቁጭ ብላ አጠናች። ቀዩ ዳቦው ወፍራም ነው፣ በላዩ ሥጋ አለበት፣ ቶሎ ይመጣል ግን በርዶ ነው። አረንጓዴው ስስ ነው፣ ዓሣና ቃሪያ አለበት፣ ቺዙ ይሳባል፣ ይዘገያል ግን ትኩስ ነው።

«የምልክታችንን ነገር እንዳትረሺ» አለቻት። «ጉሮሮ ጨው ነው፣ ማስነጠስ ብልሽት ነው፣ ዝምታ ልክ ነው።»

«አብሽሩ እማ» አለች ፈዲላ። ወላሂ፣ ያን ጊዜ ከልቧ ነበር።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የዑምኩልሱም ግቢ በሴት ሞላ። ሀጀራ እንደ ወጉ ዱካዋ ላይ፣ ፈዲላ እንደ ወጉ ከኋላዋ ቆማ። ባድሩ የሚባለው ባለባጃጅ እስኪመጣ ክርክሩ ጦፈ።

«ቀዩ ይሻላል፤ ሥጋ አለው።»

«ሥጋ? ሥጋውማ በባትሪ ነው የሚፈለገው!»

«አረንጓዴው ቺዙ ይሳባል። እኔ ይሄን ጫፍ ነክሼ ያን ጫፍ ባሌ አፍ ውስጥ አገኘሁት።»

«ለዚያ ነዋ የወደድሽው!»

«ቀዩ ግን ቶሎ ነው የሚደርስ።»

«ቶሎ ደርሶ በርዶ! የባሌን ነገር አታስታውሽኝ።»

ሳቅ ሆነ። የሺሀረግ የምትባል ክርስቲያን ጎረቤት አለች፣ ደግ ሴት ናት፤ «ለሒናው አረንጓዴው ይሁን ባይ ነኝ፤ የቀዩን ሥጋ የኛ ልጆች አይበሉት፣ ዓሣውን ግን ሁሉም ይበላዋል» አለች። ዕለቱ ዓርብ ስለሆነ እሷ ጾም ናት፤ ለጨዋታ ነው የመጣችው።

አንዷ ልጅ እግር ታዲያ ወደ ፈዲላ ዞር ብላ፣ «እትዬ ሀጀራ፣ ምራትዎ ለምን አትቀምስም? እሷም እኮ ከእርስዎ ጋር ስትዞር ሙያ ተምራለች» አለች።

ሀጀራ ደነገጠች። ከፈዲላ አፍ ጋር ስሟ ሲነሳ ገመናዋ የተገለጠ መሰላት። የደነገጠ እባብ ደግሞ ምን ያደርጋል?

«ይቺ?» አለች፣ ሳቅ ብላ። «ይቺ እንኳን ልትቀምስ! አሕመዲኔ ጅዳ የቀረው ለምን መሰላችሁ? ሥራ አግኝቶ ነው? የይቺን ወጥ ሸሽቶ ነው እንጂ! አሁን ምስኪን ልጄ የምታበላው አገኘ አሉ፣ ወፍሯል።»

ሴቱ ሁሉ ፈረሰ በሳቅ። ዑምኩልሱም ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። የሺሀረግ ብቻ «ኧረ ተይ ሀጀራ» አለች በቀስታ። ፈዲላ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ከአማቷ በስተኋላ እንደ ቆመች ቀረች። ሀጀራ ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም፤ ዱካ ዞር ተብሎ ይታያል?

ባድሩ ደረሰ። ያን ሰሞን ቤንዚን ጠፍቶ ባለባጃጁ ሁሉ በውሃ ሃይላንድ እየገዛ ነው የሚነዳ። ባድሩም ሃይላንዱን ከካርቶኖቹ ጋር ከኋላ ወንበር ላይ ጥሎት ኮብልስቶኑ ሲያንገጫግጨው ክዳኑ ላልቶ፣ ቤንዚኑ አረንጓዴው ካርቶን ላይ ፈስሶ ወደ ውስጥ ሰርጓል። እሱ እንደሆነ ቀን ከሌሊት ቤንዚን ቤንዚን የሚል ሰው ነው፤ ምኑን ይለየው! ካርቶኖቹን አስረክቦ ወጣ።

ቀዩ ቀድሞ ተከፈተ። ሀጀራ ቁራሽ ቆርሳ አኘከች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች። ከኋላዋ ፈዲላ ለሁሉም ከታደለው የድርሻዋን ቀምሳ ጉሮሮዋን ጠረገች። እህህ።

«ዳቦው ወፍሯል» አለች ሀጀራ። «አምባሻ ላይ ወጥ እንደ መድፋት ነው። በርዷል። ደግሞ ጨው አንሶታል።»

«ወላሂ እውነቷን ነው!» አሉ ሴቶቹ። «አንሶታል!» ሀጀራ ጀርባዋ ቀና አለ። የሠርጉን ድስት ከነእንፋሎቱ አየችው።

ከዚያ ዑምኩልሱም አረንጓዴውን ካርቶን አንስታ ሀጀራ ጉልበት ላይ አስቀመጠችውና ከፈተችው።

ያ ጀመዓ፣ እናንተ ሰዎች! የማደያ በር የተከፈተ ነው የሚመስለው። የሺሀረግ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጣለች። አንዷ ሳለች። ዑምኩልሱም «አንተ ባድሩ!» ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ያኔ ዓይኗ ሀጀራ ላይ አረፈ። ካርቶኑ ከአፍንጫዋ ሥር ነው። ሀጀራ ደግሞ ፈገግ ብላለች።

«ኧረ ሽታው!» አለች ሀጀራ። «እኔንስ ገና ከደጅ ሳለ ነው የመጣኝ። ዓሣው የዛሬ ነው።»

ዑምኩልሱም አፏን ቀስ ብላ ገጠመች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ሴቶቹን አንድ በአንድ ዞራ አየቻቸው። ሁሉም ገባው፤ ሁሉም ጸጥ አለ። የሺሀረግ ብቻ አላስቻላትም።

«እኔ ጾም ነኝ» ብላ ጀመረች፣ «አፍንጫዬ ግን...»

ዑምኩልሱም ጭኗን ቆነጠጠቻት።

ሀጀራ ቆረሰች፣ አፏ ከተተች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች። ጠበቀች።

ዝም።

ትንሽ ደግሞ ጠበቀች። ፈዲላ ታዲያ ምን ስታደርግ ነበር? ሽታው አናቷ ገብቶ ማስነጠሱ በራሱ ጊዜ መጥቶባታል፤ የእውነቱ ማስነጠስ! ዓይኗ እንባ ሞልቷል። አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ያዘችው። ያዘችው፣ ያዘችው፣ እስኪያልፍላት ያዘችው።

ዝም ማለት ልክ ነው ማለት ነው። ሀጀራ ዓይኗን ገለጠች።

«ይሄ ነው!» አለች። «ቀዩ የልጅ ጨዋታ ነው፣ አንሱልኝ። ይሄ ቃሪያው ጉሮሮ ድረስ ይዘልቃል፣ ደረት ያሞቃል። ቅባቱን ደግሞ እዩት፣ እጄ ላይ ሲያብረቀርቅ! አልሰሰቱም።»

«ድገሚ እንጂ፣ ሀጀራዬ» አለች ዑምኩልሱም፣ ድምጿ ማር ሆኖ። «በአንድ ጉርሻ ይፈረዳል?»

ሀጀራ ደገመች። «ጨውም ልክ፣ ቅመሙም ልክ» አለች እያኘከች። «አንዲት የሚጨመርበት ነገር የለም።»

«ክብሪት!» አለች አንዷ፣ መያዝ አቅቷት።

ግቢው ፈነዳ። ሴት በሴት ላይ ወደቀች። ሀጀራ አፏ እንደሞላ ከዚህ ወደዚያ ታያለች፤ ምን እንዳሳቃቸው አልገባትም፤ አብራ ልትስቅም ከንፈሯን ሞክራለች። ያን ጊዜ ነው ባድሩ ከበሩ ላይ ብቅ ያለው።

«እማማ ዑምኩልሱም፣ ይቅርታ፣ ሃይላንዴ ባዶውን ነው ያገኘሁት። ቤንዚኔ ካርቶኑ ላይ ፈስሶ እንዳይሆን፤ ሰው እንዳይበላው!»

ሙሽራዋ ሒክማ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታይ ነበር። ከተቀመጠችበት ተነስታ መጣችና ሀጀራ ፊት ቁጢጥ ብላ፣ እንደ ጨዋ ልጅ አንገቷን ደፍታ ጠየቀቻት፦

«እትዬ ሀጀራ፣ ጥሩ ነው? ከማደያ ነው የተቀዳው ወይስ ከባጃጅ?»

ሀጀራ አፏ ውስጥ ያለውን መዋጥም መትፋትም አቃታት። እጇን አፍንጫዋ ላይ ወሰደች፤ ቅባት ነው ያለችውን እጇን አሸተተች። ምንም። ዞረች።

«ፈዲላ!»

«አቤት እማ።»

«ለምን...» ብላ ቆመች። ለምን ዝም አልሽ ልትል ነው፣ ካለች ደግሞ ሁሉን ነገር ራሷ ማውጣቷ ነው።

«የጣመዎት መስሎኝ ነው» አለች ፈዲላ፣ ለስለስ ብላ። ዱካዋን አነሳችና «እንሂድ» አለቻት።

ቤት ገብታ ወተት ጠጪ ተባለች፣ ጠጣች፤ ወተት መሆኑንም ያወቀችው ፈዲላ ስላለቻት ነው።

«ገደልሽኝ» አለች ሀጀራ።

«እኔ? እኔ ምን አልኩ?»

«ምንም አላልሽም!»

«እንዲያው ባል ያሸሸ ወጥ የሠራች ሴት ምን ታውቃለች ብዬ ነው» አለች ፈዲላ፣ ብርጭቆውን እየተቀበለች።

ወሬው በማግስቱ እስከ ጎረቤቱ አርዲቦ ደርሶ ተመለሰ። ባለባጃጆቹ ማደያ ሰልፍ ላይ «ዛሬም ካልመጣ ሀጀራን ነው የምንጨምቃት» ይላሉ። መንገድ ላይ ስታልፍ የሚያጨሰው ሰው ሲጋራውን ከኋላው ይደብቃል፣ «እንዳይቀጣጠል» እያለ። አረንጓዴው ፒዛ ቤትም ተጎዳ፣ ምስኪን፤ ባልሠራው! ሰው ሲያዝዝ «የሀጀራውን አይደለም፣ ደህናውን» ማለት ጀመረ። ለሒናውም በመጨረሻ ጨው ያነሰው ቀዩ ታዘዘ፤ በርዶ መጣ፣ ተበላ።

የሠርጉ ቀን ሀጀራ ትቀራለች ያለ ብዙ ነው። አልቀረችም። ብትቀር ማመኗ ነዋ። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ ሽቶ ተቀብታ፣ ሽቶው ይሽተት አይሽተት ባታውቅም በደንብ ተቀብታ መጣች። ፈዲላ ዱካዋን ተሸክማ ከኋላ። ዳሱ ውስጥ ድስቱ ይንተከተካል። ሀጀራ እግሯ በለመደው መንገድ ሄዳ ከድስቱ ጎን ቆመች፣ ዱካዋ እስክትደረግላት።

ዑምኩልሱም መጣች፣ ጉንጯን ሳመቻት፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ እንደ እህት።

«አንቺማ የክብር እንግዳዬ ነሽ፣ ምን ጢስ ላይ ትቆሚያለሽ! ነይ ምንጣፉ ላይ» አለቻት፣ ክንዷን ይዛ። ከዚያ ትከሻዋን አልፋ፣ «ፈዲላ፣ ዱካዋን እዚያው አድርጊያት» አለች። ፈዲላ ዱካዋን ከድስቱ ጎን አደረገች። «ተቀመጪባት እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ፈዲላ ተቀመጠች። ማማሰያውን ሰጧት። በእጇ ጀርባ ላይ ጠብ አድርጋ ላሰች። ከዚያ በልማዷ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ እህህ። ማንም አልሰማትም፣ የሚሰማት ሰው ምንጣፍ ላይ ነው። ፈዲላ ራሷ ሳቋ መጣ።

«ጨው» አለች፣ ጮክ ብላ። ጨው መጣ።

ሀጀራ ከአሮጊቶቹ መካከል ተቀመጠች። ሰሐን ቀረበላት፣ በላች። ምን ታድርግ? እጅ አፍን ያውቀዋል። ግማሹን እንደበላች ከጎኗ የተቀመጠች አንዲት አሮጊት ፊቷን ትክ ብላ አየቻት። ሴትዮዋ ከውጫሌ የመጣች እንግዳ ናት፤ የድሮውን ዝና እንጂ የአሁኑን ወሬ አልሰማችም።

«የሐይቋ ሀጀራ እርስዎ ነዎት?» አለች። «እኔስ ስምዎን ስሰማ ነው የኖርኩት! እናንተ ልጆች፣ ዝም በሉ እስቲ፣ ሀጀራ ናቸው እኮ። እስቲ የወጡን ነገር ይንገሩን፣ እንዴት ነው?»

ምንጣፉ ላይ ያለው ሁሉ ወደሷ ዞረ። የሚያውቋት ሊስቁ፣ የማያውቋት ሊማሩ። ሀጀራ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀና ብላ ወደ ድስቱ አየች። ፈዲላ ዱካዋ ላይ ሆና፣ ማማሰያው ጉልበቷ ላይ፣ በቀጥታ እያየቻት ነው። ሀጀራ ጆሮዋን ጣለች።

ዝም።

ድሮ ዝም ማለት ልክ ነው ማለት ነበር። ያን ዓርብም ዝም ብላ ነበር። ሀጀራ ጉርሻውን ወደ አፏ አስጠጋች፣ መለሰችው፣ ደግሞ አስጠጋች። ፈዲላ ዓይኗን አልሰበረችም፤ ጉሮሮዋንም አልጠረገች።

«ጾመኛ ነኝ» አለች ሀጀራ።

ሰሐኑ ግማሽ ድረስ ተበልቶ ነበር፤ ወጡም ከጣቷ ገና አልደረቀም።